ጥርሴን ያመመኝ ሐሙሶች

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሜሮን ከካናዳ ደወለችልኝ። ከሄደች ገና ዓመት አልሞላትም። ስለ ብርዱና ስለ ትምህርቷ ስታወራኝ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አጎቴ፣ እዚህ ለአዲስ መጤዎች የሥነ ልቦና አማካሪ አለ፤ ሂጂ አሉኝ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጬም ዝም ብሎ እንባዬ ይመጣል። ግን ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? ለአባዬ እንዳትነግረው፣ አደራ።»

«ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነገር የወጣትነቴን አንድ የዝናብ ወቅት አምጥቶ ፊቴ ደቀነብኝ።

ከደቡብ አፍሪካ የተመለስኩት በማንጎ ወራት ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ደጋው ላይ ባለችው ገረሴ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ በደላላ እጅ ድንበር እያቋረጥኩ ሄጄ ነበር። እዚያ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ ታምሩ ከሚባል የሆሳዕና ልጅ ጋር ትንሽ ሱቅ ነበረን። ዳቦና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ እያሾለክን እንሸጥ ነበር። ታምሩ ሳቂታ ነው፤ ደንበኞቹን ሁሉ በየቋንቋቸው ሰላም ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘራፊዎች ገቡ። ታምሩ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ እኔ ባንኮኒው ሥር ተጋድሜ አፌን በእጄ አፍኜ ነበር።

አርባ ምንጭ ስገባ ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። «ለእረፍት ነው የመጣሁት» አልኩ። ገረሴ ስወጣ ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው እየተነሳ ሲቀበለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ዘንድ ሰንብቼ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ድንች ጭኖ ገበያ በወረደ ቁጥር ይመጣብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ መንገዱ እንዴት ነው? ደላላው እወስድሃለሁ ብሎኛል።»

«እናያለን» እለውና ወሬ እለውጣለሁ። ሂድ ማለት አልቻልኩም፤ አትሂድ ብለው ደግሞ ለምን ይለኛል።

አንድ ጠዋት ሲቀላ ገበያ መሐል የባጃጅ ጎማ ፈነዳ። ራሴን ያገኘሁት ከላንቴ መንደር የመጣች አንዲት ሙዝ ሻጭ ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ ነው። ሙዟ ላዬ ላይ ተደፍቷል። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ «አይዞህ ልጄ፣ ጎማ ነው፤ ጎማ ነው የፈነዳው» ትለኛለች። ከኋላዋ ወጣቶች ይስቃሉ። ጭቃዬን ሳላራግፍ ሮጥኩ። ለብዙ ጊዜ በዚያ በኩል አላለፍኩም።

የእንቅልፍ ክኒን ልገዛ መድኃኒት ቤት ብገባ ሻጩ ያለ ማዘዣ አልሰጥም አለኝ፤ ጤና ጣቢያ ላከኝ። የአእምሮ ሕመምተኞች የሚታዩት ሐሙስ ሐሙስ ነው። አከራዬ ወይዘሮ አስቴር የት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ «ጥርሴን ልታከም» አልኳት። እዚያም ስደርስ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ነበር።

ሲስተር የሺ ከጎጃም የመጣች፣ በዕድሜ ከእኔ የማትበልጥ ነርስ ነበረች። ለታካሚ የተዘጋጀው ወንበር ጀርባው ወደ በሩ ነው። መቀመጥ አቃተኝና ቆሜ ቀረሁ። ምንም ሳትል ተነስታ ወንበሩን ጎትታ ከራሷ ጎን አደረገችው። ሁለታችንም በሩን እያየን ተቀመጥን።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ብቻ ጠየቀችኝ። እየቆየን ስንሄድ ምን እንደደረሰብኝ ጠየቀችኝ፤ የሱቁን ነገር እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

«ይኼ እብደት አይደለም» አለችኝ። «አንተ አገርህ ገብተሃል፤ ሰውነትህ ግን ገና ያንን ሱቅ እየጠበቀ ነው። አሁን ከሁሉም በላይ የሚሰማህ ምንድን ነው?»

ፍርሃት ልል ነበር። «ኀፍረት» አልኩ።

«ከምን?»

«ከመትረፌ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አብረን አዳመጥን።

ሌላ ሐሙስ ከክፍሏ ስወጣ ዳዊት ማዳበሪያ ከረጢት ተከናንቦ ጣሪያው ሥር ተጠልሎ አገኘሁት። በሩ ላይ የተጻፈውን አይቷል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጥርስ አይነቅሉም» አለኝ በቀስታ። «ሰኞ ልሄድ ነው። ልሰናበትህ መጥቼ ባጣህ ወይዘሮ አስቴር ጥርሱን ሊታከም ጤና ጣቢያ ሄዷል አለችኝ።»

ፊቴ በኀፍረት ነደደ። ቢሆንም ሰኞ ቅርብ ነው። እጁን ይዤ ዓሣ ቤት ወሰድኩት። የታዘዘው ጥብስ እየቀዘቀዘ ሁሉንም ነገርኩት፤ ታምሩን፣ ባንኮኒውን፣ ጎማውን፣ የሌለውን የጥርስ ሕመም። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም፤ ዓይኔን ሳህኑ ላይ ተክዬ ነው የጨረስኩት።

ዳዊት ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያም፣ «እኔ እኮ የሰሰትክብኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለራሱ አግኝቶ መንገዱን ዘጋብኝ ብዬ እናታችን ፊት ሰድቤሃለሁ።»

ዓሣውን ከእሾሁ እየለየ ያጎርሰኝ ጀመር። ታላቁ እኔ፣ በሰው ፊት እንደ ሕፃን ስጎርስ አፈርኩ። ግን አልከለከልኩትም።

ሰኞም፣ ከሰኞም በኋላ አልሄደም። ገረሴ ላይ አፕል ተክሎ፣ አግብቶ፣ ሜሮንን ወለደ። ሲስተር የሺ ወደ አገሯ እስክትዛወር ድረስ እኔም ሐሙሶቼን አላቋረጥኩም።

ይህን ሁሉ ለሜሮን በስልክ ነገርኳት። «ታዲያ ዳንክ?» አለችኝ። እንቅልፌ እንደተመለሰ ነገርኳት፤ ኀፍረቱ ግን ጨርሶ ለቆኛል ብዬ አልዋሸኋትም። ይኸው ሽበት አብቅዬ እንኳ የታምሩን ስም ስጠራ ድምፄ ይሰበራል። እግሩ የተሰበረን ሰው መንደር ወጥቶ ይሸከመዋል፤ ውስጡ የተሰበረው ግን ራሱን ተሸክሞ፣ ያውም ተደብቆ ይሄዳል። ለምን እንዲህ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሜሮን አማካሪው ጋ ለመሄድ ወሰነች። ለአባቷም ራሷ እንድትነግረው ለመንኳት። እንዳይሰማባት የፈራችው ሰው፣ እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ይልቅ ሰውን መስማት የሚያውቅ ነው።