በተቀየረው ዳሌዬ የቆምኩ ዕለት

ሕመሙ የጀመረኝ ፍሬን ስረግጥ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ የሠራተኞች ሸትል አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በየቀኑ ኩፐርቲኖ ደርሼ እመለሳለሁ። ቀኝ ብሽሽቴን ወጋ ያደርገኝ ነበር። ጡንቻ ነው ብዬ ስድስት ወር ዝም አልኩ። ማነከስ ስጀምርም ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሟ በአስተርጓሚ ነገረችኝ።

«አቫስኩላር ኔክሮሲስ ይባላል። ወደ ዳሌዎ አጥንት የሚሄደው ደም ተቋርጧል። አጥንቱ ሞቷል፤ መገጣጠሚያው መቀየር አለበት።»

ሞቷል። እኔ በሕይወት እያለሁ።

ኦክላንድ ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። በማግስቱ ጠዋት ፊዚካል ቴራፒስቱ ዎከር የሚሉትን ባለአራት እግር መደገፊያ አቀረበልኝና «ሙሉ ክብደትዎን በተቀየረው እግር ላይ ይጣሉ» አለኝ። አላመንኩትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንሶላውን ጨበጥኩ። እግሬን መሬት አስነካለሁ። አነሣለሁ።

የቴራፒስቱ ረዳት ማርታ የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። ወገቤ ላይ የታሰረውን ቀበቶ ከኋላ ይዛ «ዳሌ! ዳሌ!» ትለኛለች።

«አዎ፣ ዳሌዬ ነው» አልኳት፣ ቁስሉን እያሳየሁ።

አጠገቤ የነበረችው ልጄ ሳሮን በሳቅ ፈረሰች። «አባዬ፣ ስፓኒሽ እኮ ነው! ጎ አሄድ እያለችህ ነው። በርታ፣ ቀጥል ምናምን።» ለማርታም የእኛን ዳሌ ተረጎመችላት። ሦስታችንም ሳቅን፤ የጨበጥኩትን አንሶላ የለቀቅኩት ያኔ ነው።

«‹ይፈቀድልኛል ወይ› በስፓኒሽ እንዴት ይባላል?» አልኳት ሳሮንን።

«ፑዌዶ?»

ዞሬ ማርታን «ፑዌዶ?» አልኳት።

«ክላሮ ኬ ሲ!» አለችኝ፤ እንዴታ ማለቷ ነው። «ዳሌ!»

ረገጥኩ። ቆምኩ። አልወደቅኩም።

እግሬን ቁልቁል እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ትናንት ከሥጋዬ ጋር ምንም ዝምድና ያልነበረው ብረት ዛሬ እኔን ሙሉ ሰውዬውን ተሸክሞ ቆሟል፤ ይህን ያሰበ የሰው አእምሮ፣ አእምሮውን የሰጠ አምላክ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝና አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በዎከር፣ ከዚያ በከዘራ፣ ማርታ እንደመከረችኝ «ፖኮ አ ፖኮ»፣ ቀስ በቀስ እያልኩ፣ በሦስተኛው ወር ኦክላንድ ያለው ሐይቅ ዳር ከሳሮን ጋር ያለምንም ድጋፍ ወክ አደረግሁ።

ሐኪሞቼን፣ ከሁሉም በላይ ማርታን እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ደግሞ እንደ እኔ ሕመማችሁን አትደብቁ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። እንድትረግጡ ሲፈቀድላችሁ ግን ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። እኔ የተራመድኩት ሳይለቀኝ ነው።