ጨለለቅቱ ላይ ዝም ያልኩበት ቀን

ዲላ፣ ጠዋት

ከዲላ የተነሳሁት ላስተረጉም ነው። የድሮ ተማሪዬ አስቴር ከጨለለቅቱ ደውላ፣ «ቲቸር፣ ቡና የሚገዛ የውጭ ሰው ይመጣል። አስተርጉሚ ብለውኛል፤ ፈርቻለሁ፤ እርስዎ ይምጡልኝ» አለችኝ። የሠፈሯ ገበሬዎች ያለ ደላላ ለመሸጥ ሲሞክሩ የመጀመሪያቸው ነው። እንግዳው ካልተስማማ ቡናው እንደ አምናው በደላላ ዋጋ መሄዱ ነው።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅመናል?» ለሚሉኝ ልጆች የምሰጠውን መልስ አንዳንዴ እኔም አላምነውም። ቢሆንም ወሬ የምወድ ሰው ነኝና ጥሪው ደስ አሰኘኝ።

ወናጎ

ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም ሙዝ ገዝቼ አጠገቤ ለተቀመጡት እናት አካፈልኩ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እሰይ» አሉ ሙዙን እየላጡ። «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል።»

ተረቱን ለራሴ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አረንጓዴ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና። ይርጋጨፌን አልፈን ጨለለቅቱ ስንደርስ አስቴር ሞተር ይዛ ጠበቀችኝ።

ቡና ማጠቢያው

«አንቺ ጀምሪ፣ ከከበደሽ እኔ አለሁ» አልኳት። እሺ ብላ ወደ እንግዳው ሄደች።

እንግዳው ቡናው በተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች መሃል እየዞረ ሳለ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ቡናውን በሸራ መሸፈን ጀመሩ። የሰውየው ፊት ተለወጠ። «እኔ ስመጣ ለምን ይሸፈናል? እንዳላይ የተፈለገ ነገር አለ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

አስቴር አንገቷን ደፋች። አብረውን የቆሙት ሽማግሌዎች እንግሊዝኛው አልገባቸውም፤ እሷን ያያሉ። እንግዳው ወደ መኪናው ዞረ። ጠፋባት ብዬ አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ይቆዩ ቲቸር። መልሱን አውቀዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ግን ጋሽ በራሶ ሳይፈቅዱልኝ ታላላቆች ፊት አልናገርም። ነውር ነው።»

ጋሽ በራሶ የገበሬዎቹ ሽማግሌ ናቸው። «ታዲያ የጠየቀውን ንገሪያቸዋ» አልኳት። በጌዴኦኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ «በይ ተናገሪ ልጄ። የኛ አፍ አንቺ ነሽ» አሏት።

ያን ጊዜ አንገቷ ቀና አለ። የቀትር ፀሐይ የቡናውን ገለፈት እንደሚሰነጥቀው፣ ጥላ ሲሆን ሸራው እንደሚነሳ፣ ሰው ቢመጣም ባይመጣም በየቀኑ እንዲሁ እንደሚደረግ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። «ና፣ ራስህ ግለጠው» አለችው። ገለጠ፤ ዘገነ፤ አሸተተ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀ።

«ናሙናውን ይርጋጨፌ ላይ ቀምሼ ወድጄው ነበር፤ እወስደዋለሁ» አለ። አስቴር ይህን ወደ ጌዴኦኛ ስትመልስ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ቆጮ በጎመን በልተን ስንነሳ ጋሽ በራሶ እጃቸውን ዘርግተው በጌዴኦኛ መረቁኝ። እዚህ አገር ይህን ያህል ኖሬ ሁለት ቃል ብቻ ለየሁ። አስቴርን አየኋት።

«‹ልጃችንን ሰጠንሽ፣ አፍ አድርገሽ መለስሽልን። ያንቺም ልጆች ይናገሩልሽ› እያሉ ነው» አለችኝ።

ዲላ፣ ማታ

በመልሱ መንገድ የዚያችን የወናጎ እናት ተረት አስታወስኩ። ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለአስቴር ኖሯል። ልጆቹ ነገ ምን ይጠቅመናል ቢሉኝ የማምነውን መልስ ይዤ ተመልሻለሁ፦ የቤታችሁን እውነት በር ላይ ለቆመ እንግዳ የምትነግሩበት ነው፤ ታላላቆቻችሁን አክብራችሁ።

ባለቤቴ በሩን ከፍቶ፣ «እሺ፣ አስተርጓሚዋ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለኝ።

«ለእንግዳው አንዲት ቃል አልተነፈስኩም» አልኩት። «ተመስገን ነው።»