አምስተኛው ሲዲ፣ ሰባተኛው ዘፈን

ካዛንቺስ የነበረው የአባቴ ሙዚቃ ቤት ሲፈርስ የተረፈው ዕቃ በሁለት ካርቶን ተጭኖ ላንቻ ወደተከራየነው ቤት መጣ። ካርቶኖቹን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የወጣው በረሮ ነበር። ቀጥሎ የቀለጠ ፕላስተር የተጣበቀባቸው የሲዲ ማቀፊያዎች፣ ከዚያ በቅባታም ጣት የተዳሰሱ ሲዲዎች። አንዱ ላይ ሻይ ደርቆ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል ክብ ሠርቷል። ሲዲውን ለብርጭቆ ማስቀመጫ ተጠቅመውበታል ማለት ነው። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ጓንት አደረግኩና ተመለስኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣

«ሬሳ ነው እንዴ የምታጥበው?» አለኝ።

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ላፕቶፔ ላይ ያለው የሙዚቃ ስብስብ የብዙ ዓመት ሥራዬ ነው። እያንዳንዱ ዘፈን የዘፋኙ ስም፣ የአልበሙ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ተራ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ያላረጋገጥኩትን አልሞላም። ባዶ ቦታ አያስጠላኝም። በውሸት የተሞላ ቦታ ግን አንድ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ አክታውን የተፋብኝ ያህል ይቀፈኛል።

አባቴ ከሁለቱ ካርቶን ውስጥ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስምንት ሲዲ ያለው የሰርግ ዘፈኖች ስብስብ። ዘፈኖቹን ራሱ ከየካሴቱ መርጦ፣ ራሱ አባዝቶ፣ ዓመታት የሸጠው ነው። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያገላብጣል።

«ስምንቱንም በአንድ ፍላሽ ገልብጥልኝ» አለኝ። «እንዳለ ነው የምፈልገው። እንዳትበታትነው፣ አደራ!»

የበታተነው ኮምፒውተሩ ነው። ስምንቱን ሲዲ ገልብጬ ስጨርስ ሶፍትዌሩ አርባ ምናምን አልበም አድርጎ ደረደረልኝ። የእያንዳንዱን ዘፋኝ ስም ሲያይ አዲስ አልበም የመጣ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአልበሙ ባለቤት በሚለው ቦታ ለሁሉም «የተለያዩ ድምፃውያን» ብሎ መጻፍ። ያንን ጻፍኩና ፍላሹን ለአባቴ ሰጠሁት። የሲዲውን ቁጥር ግን አልሞላሁም ነበር። ስምንቱም ሲዲዎች አንደኛ ዘፈን አላቸው። ማጫወቻው ስምንቱን አንደኛ ዘፈኖች አስከትሎ ተጫወተ፣ ከዚያ ስምንቱን ሁለተኛ።

ሳሎን ሆኖ ሲጮህ ሰማሁት።

«ኧረ ሽማግሌዎቹ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ቅልቅል ገባን እኮ! ሙሽራዋን ማን ወሰዳት?»

አባቴ ስብስቡን የደረደረው እንደ ሰርጉ አካሄድ ነው። አንደኛው ሲዲ ሽምግልና፣ ሁለተኛው ጥሎሽ፣ ከዚያ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ፣ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ፣ አምስተኛው መልስ፣ እያለ ቅልቅል ድረስ ይሄዳል። ይህን አልክድበትም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። የሲዲዎቹን ቁጥር ሞላሁና ሰርጉ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ፣ በጆሮ ማዳመጫ መስማት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

የመጨረሻ ስንኛቸው የተቆረጠ ዘፈኖች አሉ፤ ሲዲው ስለሞላ። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ዘፋኝ ስም ገብቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፁ። ዘፈኑ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው «ጥራቱን ጠብቆ ወደ እናንተ ያቀረበው…» ብሎ የሱቃችንን ስም ይጮሃል፤ ያውም እያስተጋባ። በስምንቱ ሲዲ ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ሰውየው አባቴ ነው።

አምስተኛው ሲዲ፣ ሰባተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ አቆምኩ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የአንዲት በጣም የታወቀች ዘፋኝ ስም ነው። ካሴቷ አለኝ። ሁለቱን አስተያየሁ። ከዚያ ሳሎን ሄድኩ። አባቴ ምሳ በልቶ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«አባባ፣ ይቺ እሷ አይደለችም» አልኩት። «ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ እንኳን አይገናኝም።»

ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ። «ጎበዝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም አልነቃብኝም።»

«ታዲያ ማን ናት?»

«ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ፣ ቧንቧው ጋ ትኖር የነበረችው። ሰርግ ቤት የምትዘፍነዋ። ኧረ አንተም ታውቃታለህ፣ ፀጉርህን ትላጭህ አልነበር?»

አወቅኳቸው። አባቴ እንደነገረኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር አስቀድቷቸው ነበር።

«ስማቸው ማን ነው?»

በግቢው ሁሉም ሰው በልጃቸው ስም፣ የእገሊት እናት እያለ ነበር የሚጠራቸው። «ስሟን… ወላሂ፣ ስሟን ጠርቼው አላውቅም» አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ከአንድ ቧንቧ ውሃ ቀድተናል።

«ለምን የራሳቸውን ስም አልጻፍክም?»

«በእሷ ስም ማን ይገዛኛል? ያኔ ሁሉም እንደዚህ ነበር፣ በቃ። ስሜ ይውጣ ብላኝ ነበር፣ ይወጣል አልኳት። ሲዲው ሲወጣ ማተሚያ ቤቱ ረሳው አልኳት። አለቀ።»

ስንጥሩን ወደ አፉ መለሰ። ተጸየፍኩት። ክፍሌ ገብቼ የታዋቂዋን ስም አጠፋሁ። ቦታው ባዶ ሆነ። ይሄ ግን እንደሌላው ባዶ አልነበረም፤ የሚሞላው ሰው በሕይወት አለ።

የድሮ ጎረቤት ጠይቄ፣ መስቀል ፍላወር፣ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ያገባች ልጃቸው ቤት እንደሚኖሩ ሰማሁ። እሑድ ጠዋት በእግሬ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳቸው።

«የዚያ የለፍላፊው! ና ግባ፣ እመቤቴን! አድጎ ሰው ሆነ እኮ። ይሄን ጭንቅላት ስንቴ በምላጭ ቧጥጬዋለሁ።»

በስልኬ አጫወትኩላቸው። በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙ። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ላይ የአባቴ ድምፅ ገባ። ጣታቸው ቆመ።

«ልክ እዚህ ጋ ነበር ድምፄን ከፍ ያደረግኩት» አሉ። «እሱ እንደሆነ አፉ አያርፍም።»

«እትዬ፣ ስምዎን ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

ከነአባታቸው ነገሩኝ። ጽፌ አሳየኋቸው።

«የት ነው የምትጽፈው?»

«ኮምፒውተሬ ላይ።»

«እዚያ ማን ያየዋል?»

«እኔ… አባቴም።»

«እናንተማ ታውቁት የለ!»

ከዚያ የልጃቸውን ሰርግ ነገሩኝ። በመልሱ ዕለት ዲጄው ያንን ዘፈን ከፍቶ የታዋቂዋን ስም ጠራ። እሳቸው ደስ ብሏቸው፣ የሙሽራውን አባት «እኔ እኮ ነኝ የዘፈንኩት» አሏቸው። ሰውየው ዲጄውን አዩ፣ ሽፋኑን አስመጥተው አዩ፣ ከዚያ ሳቁ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ልጃቸው በጆሯቸው «እማዬ፣ በቃ ተይው» አለቻቸው።

«ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር አማቼ፣ ያው የሙሽራው አባት፣ ቤቱ በር ላይ ይቀበለኛል። ‹ዛሬስ ማንን ሆነው መጡ?› ይለኛል። ልጄ እንኳን አታምነኝም፤ ብቻ ዝም ትላለች።» ስልኬን መለሱልኝ። «መጻፉን ተወው። አባትህ በዚሁ በጮኸበት ድምፁ ይናገርልኝ። ድምፁን አገር ያውቀዋል። የዘፈነችው እሷ ናት፣ ሌላ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይበል። ለፋሲካ አማቼ ቤት ነን።»

አባቴ ወዲያው እሺ አለ። በውሃ ተጉመጠመጠ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠ።

«ጥራቱን ጠብቆ…» ሲል አቆምኩት።

«ተወዳጇና ተናፋቂዋ ድምፃዊት…» አሁንም አቆምኩት።

«ማስታወቂያ አይደለም፣ አባባ።»

በሦስተኛው ስማቸውን ከነአባታቸው በትክክል ጠራ። ዘፈኑን የዘፈነችው እሷ ናት አለ። ቀጠለና፣ «ሽፋኑ ላይ በስህተት ሌላ ስም ወጥቷል» አለ።

«በስህተት አይደለም። የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

«ስማ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት የሚከፈት ድምፅ ላይ ዋሽቼ ነበር አልልም። በስህተት። ይሄንኑ ውሰድላት።»

ቃሉን ቆርጬ ማውጣት እችል ነበር፤ አንድ ሰከንድ አይሞላም። መስመሩን ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ብዙ አየሁት። ብቆርጠው አባቴ ያላለውን አስባልኩት ማለት ነው። እንዳለ ይዤው ሄድኩ።

ሦስት ጊዜ ሰሙት።

«በስህተት ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ስህተት ነበር?»

«አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ማተሚያ ቤቱ ረሳው ሲለኝም አውቄ ነበር።» ልጃቸውን ጠሩና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዙላት። ልጅቷ የእናቷ ስም ሲጠራ ቀና ብላ አየቻቸው። እንደ ሰርጉ ዕለት «ተይው» አላለቻቸውም። «ስሜን ከነአባቴ ጠርቶታል። ለአማቼ ይሄም ይበዛበታል። በቴሌግራም ላክልኝ።»

እኔ ሳልነሳ ለአማቻቸው ልከውት ነበር። ሲስቁ ጥርሳቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ደስታቸውን አየሁት፣ አልተካፈልኩትም። የበለጠ ይገባቸው ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ ምሳ ቀርቦለት ነበር።

«ምን አለች?»

«ተቀበሉት።»

«አየህ!» አለ። «አንተ ነህ ነገር የምታካብደው። ስህተት ነበር፣ ታረመ፣ በቃ።» በደንብ ጠቅልሎ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። «ና፣ እንካ።»

ጉርሻ እምቢ ብዬው አላውቅም። እጁ አፌ ፊት ቆየ፣ ወጡ በጣቶቹ መካከል ወደ ክንዱ መውረድ ጀመረ። «እንካ እንጂ» አለ። ጣቶቹን አየኋቸው። አፌን አልከፈትኩም።