የእንቁራሪቷ ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ አውቶቡሳችን የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። ሽሮዬን ገና አንድ ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ በመስኮቱ ማዶ አንድ ጎልማሳ ከትልቅ ጭነት መኪና ባትሪ ላይ ኬብል ሲያስር አየሁ። የኬብሉ ሌላ ጫፍ ኮፈኗ ወደተከፈተ ትንሽ የቤት መኪና ይሄዳል፤ ባለቤቷ አጠገቧ ቆሟል። እጄን ሳልታጠብ ሮጬ ወጣሁ። "ኧረ እንዳታስነካው! በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እንዳታስነካው!" ብዬ ስጮህ መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰውዬው እባብ የረገጠ መስሎት ነው መሰል ኬብሉን ጥሎ ዘለለ። ነገሩን ሳስረዳው ሳቀና "እትዬ፣ መካኒክ ነዎት እንዴ?" አለኝ። አይደለሁም። ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ሽሮው ቀዝቅዟል፤ እኔም ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለሄደ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሚሌኒየሙ ከገባ ብዙም አልቆየም ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ፣ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ፎቶ ቤት ባካፈለኝ ጠባብ ጥግ ላይ ቴፕና ሞባይል እጠግናለሁ። ታላቅ እህቴ የሺ ደግሞ ታደለን አግብታ ከከተማው ወጣ ብሎ በደምበጫ መንገድ ዳር ትኖራለች። ታደለ የመንገድ ቀያሽ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ውሉ አልቆ ሲሄድ አሮጌ የስፖርት መኪናውን ለታደለ ሸጠለት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት ሰማያዊ መኪና ናት። የሰፈሩ ልጆች እንቁራሪቷ አሏት።

ለማርቆስ ከእሷ የባሰ የማይመች መኪና አይገኝም። ክረምት ጭቃው ይውጣታል፣ በጋ ድንጋዩ ሆዷን ይፍቃታል። ታደለ ግን ገበያ በማይውልበት ቀን የሺን መሪው ፊት ያስቀምጥና በደምበጫ መንገድ ያለማምዳት ነበር። ፈረስ የጫኑ ገበሬዎች ጥግ ይዘው ቆመው ያይዋታል፤ ያኔ በእኛ በኩል ሴት መኪና ስትነዳ ብርቅ ነው። "ይቺ ያንቺ ናት" ይላት ነበር። ምን ያደርጋል፣ ይህን የሚላት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ነው።

ታደለ ጳጉሜን ላይ ታመመ፤ መስከረም ሳይጋመስ ሞተ። በዚያ ዓመት ዝናቡ አልወጣ ብሎ ነበርና ለቀስተኛው እየተመታ ግቢው ሞላ። ድንኳን መተከል አለበት፤ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ ደግሞ እንቁራሪቷ ቆማለች። ታደለ ከታመመ ጀምሮ ያስነሳት ስለሌለ ባትሪዋ ደክሟል፣ ጎማዎቿ ጭቃ ውስጥ ሰምጠዋል። ከደብረ ወርቅ የመጣው ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አበጀ እንባውን በጋቢው እየጠረገ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለመነ። ሾፌሩ መኪናውን አስጠጋ። ጋሽ አበጀ በገዛ እጁ ኬብሉን ከባትሪ ወደ ባትሪ አስነካው። የትልቅ ጭነት መኪና ሁለት ባትሪ ተያይዞ ስለሚሠራ ጉልበቱ የትንሿ እጥፍ ነው፤ ይህን ማንም አላሰበም። ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከመሪው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። በመጨረሻ ጎረምሳው ሁሉ ተባብሮ ተሸክሞ ወደ አጥሩ አስጠጋት።

ሐዘኑ ሳይበርድ ክርክር መጣ። ጋሽ አበጀ "መኪናዋን ወደ ደብረ ወርቅ እወስዳለሁ" አለ። ወንድሙ ሲገዛት ከአባታቸው ባሕር ዛፍ የተሸጠ ገንዘብ ገብቶባታል፤ ይህ እውነት ነው። የሺ ደግሞ ላሟንም አልጋውንም ውሰዱ አለች፤ መኪናዋን ግን አልሰጥም፣ ለእኔ ብሏል አለች። ማን ሰማ? ማንም። ጋሽ አበጀ ላይ ተናደድኩ። ባሏን የቀበረች ሴት ላይ ለአንዲት የማትነሳ መኪና እንዲህ መጨከን ምን ይሉታል እያልኩ በየደረስኩበት አማሁት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዳኛው መሪጌታ ፈንቴ ነበሩ፤ ድጓ ያስተማሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ አዛውንት። የሁለቱንም ቃል ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ ፈረዱ።

"መኪና የምትነዳ ናት። ሟቹ ለሚስቱ ባያስባት ኖሮ መንዳት ባላስተማራት። የተዝካሩ ዕለት እኛ እያየን ልጃችን ራሷ አስነስታ፣ ነድታ ከደጃፍ ካወጣቻት የእሷ ትሁን። ካልተነሳች ግን ብረት ናት፤ ብረቱን ወንድሙ ይውሰድ።"

ሁለቱም ተነስተው እጅ ነሡ። የሺ ወደ እኔ ዞራ "በይ እንግዲህ" አለችኝ።

እኔ ደግሞ መኪና ጠግኜ አላውቅም። ከመሪው ሥር ያለውን፣ ሞተሩን የሚያዘውን ኮምፒውተር አውጥቼ ስከፍተው ግማሹ ጥቁር ሆኗል። አብሮኝ የተማረው ሳምሶን አዲስ አበባ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበርና ደወልኩለት። ከተበተነች ተመሳሳይ መኪና የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር አስፈልጎ እስኪያገኝ ሳምንታት አለፉ፤ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ሲደርሰን የተዝካሩ ዋዜማ ሆኗል። አዲስ ባትሪ አስገብተን፣ ኮምፒውተሩን ሰክቼ፣ የሺ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ተነሳ! እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሞተሩ ቀጥ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብንደጋግመውም ያው ነው።

"ቁልፉን አላወቀውም" አለኝ ሳምሶን በስልክ። "ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የድሮ መኪናውን ቁልፍ ነው። እንደ አዲስ ፕሮግራም መደረግ አለበት።"

"እና አድርገው!"

"ማሽኑ እዚህ ነው፣ መኪናዋ እዚያ ናት።" ከዚያ ዘዴ መጣለት። "የቁልፉ መለያ የተጻፈባት አንዲት ትንሽ አይሲ፣ ቺፕ አለች። ከተቃጠለው ላይ እሷን ብቻ አንስተሽ ወደ አዲሱ ብታዛውሪያት ቁልፉን ያውቀዋል። በሕይወት ካለች ነው ታዲያ። ብዙ ካሞቅሻት ደግሞ የተጻፈው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ለእኔም አትደውይልኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ጥቅምት ነው፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ጣቴን ያደነዝዘዋል። ከውጭ የጠላና የዳቦ ሽታ ይመጣል። መጀመሪያ የአዲሱን ኮምፒውተር አይሲ አነሳሁ፤ ቦታዋ ተለቀቀ። ከዚያ ወደ ታደለ ሄድኩ። ታደለ ያልኩት የተቃጠለውን ኮምፒውተር ነው፤ ያን ቀን በልቤ እንደዚያ ነበር የምጠራው። ከጉንዳን የማትበልጠዋን አይሲ በአንድ ወገን ያሉትን የብረት እግሮቿን አላቅቄ ወደ ሌላው ስዞር መብራት ሄደ።

መበየጃዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጠበቅን። አልመጣም። መብራት አንዴ ከሄደ ማታ ይምጣ ነገ የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን በልተው እንደጨረሱ ይነሳሉ።

"ጉዳችን ፈላ" አለች የሺ።

"ከሰል አምጪ" አልኳት።

ወፍራም የመዳብ ሽቦ ቆርጬ ጫፉን ሞረድኩት። እሳት ላይ አግዬ እግሮቿን የያዘውን የብየዳ እርሳስ፣ ሊዱን፣ ላቀልጠው ነው። መበየጃ ሙቀቱ ይታወቃል፤ ከሰል ግን ሙቀቱን ማን ይለካዋል? ሽቦው ከቀዘቀዘ ሊዱ አይላቀቅም፣ ከጋለ አይሲዋን ይገድላታል። የሺ ታራግባለች፣ እኔ ሽቦውን አውጥቼ ምራቄን ጣል አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ፣ እንደገና እመልሰዋለሁ። ከሰሉ ደግሞ እርጥብ ኖሮ ይጨስብን ጀመር።

በሩ ተከፈተና ጋሽ አበጀ ገባ። በሸክላ ስባሪ ላይ ፍም ይዟል፤ ድንኳን ውስጥ ከሚሠራው ወጥ ሥር ያወጣው ነው።

"የወይራ ነው፣ አይጨስም" አለ። ምድጃው ላይ ገለበጠልንና ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ኮምፒውተር አየት አደረገ። "አትቸኩይ ልጄ። ሽማግሌዎቹን እኔ አቆያቸዋለሁ።"

ሲወጣ የሺ ጆሮዬ ላይ "ምን ፈልጎ ነው?" አለችኝ። እኔም አልገባኝም፤ ለመጠርጠር ግን ጊዜ አልነበረኝም። በወይራው ፍም ሽቦው እኩል ጋለልኝ። የቀሩት እግሮች አንድ በአንድ ለቀቁ። ትንፋሼን ይዤ አይሲዋን በወረንጦ አሻገርኳት፤ ቦታዋ ላይ አስቀምጬ እግሮቿን በየድኩ። በሕይወት ትኑር አትኑር የሚታይ ነገር የለም። ያው ጥቁር ናት።

ኮምፒውተሩን ስሰካው ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መኪናዋን ከቦ ቆሟል። መሪጌታ በከዘራቸው ተደግፈው ከፊት ናቸው። የሺ ጥቁር ነጠላዋን ሰብስባ ገባችና አማተበች። ቁልፉን አዞረችው። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። አንዴ ደግሞ ብልጭ አለች። ከዚያ ጠፋች፤ ሞተሩም አጉረመረመና ተነሳ። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል ብለን ጠበቅን። አልቆመም። ያ ታደለ ከሥራ ሲመለስ ከሩቅ የምንለየው ወፍራም ድምፅ ግቢውን ሞላው። አንዳንድ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ።

እኔ ግን ዓይኔ ጋሽ አበጀን ፈለገ። በደስታዬ መሐል፣ አሁን እንኳን አፈረ፣ እያልኩ ነበር። እሱ ኮፈኗ ላይ እጁን አሳርፏል። እጁ በሞተሩ ንዝረት ይንቀጠቀጣል።

"አልገደልኳትም ማለት ነው?" አለኝ።

"እ?" አልኩት።

"በዚያን ቀን በገዛ እጄ የገደልኳት መስሎኝ ነበር። እሱን በቀበርኩበት ቀን፣ የሚወዳትን..." አልጨረሰውም። "እዚህ መጥቼ ቆማ ባየኋት ቁጥር አልቻልኩም። ወስጄ ጎተራው ጀርባ ልደብቃት ነበር። ሌላ ምን ላደርጋት?"

የሺ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ኖሮ ሁሉንም ሰምታለች። ተንጠራርታ የወዲያኛውን በር ከፈተችው።

"ይግቡ፣ ጋሽ አበጀ" አለችው።

ጋቢውን ሰብስቦ፣ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ገባ። መሪጌታ ሰዉን በከዘራቸው ገለል አደረጉት። እንቁራሪቷ ሆዷን እየፈተገች ከደጃፉ ወጣችና የደምበጫን መንገድ ያዘች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ለብሷል። እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየኋቸው፤ ሲመለሱ ሁለቱም አልቅሰው ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆነ። ደጀን ላይ ያ ሰውዬ ስጮህበት ኬብሉን ጥሎ መጀመሪያ ያየው እኔን አልነበረም። የመኪናዋን ባለቤት ነው ያየው፤ ፈርቶ፣ ምን አደረግኩ እንደሚል ሰው። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ዛሬም ሱቄ ውስጥ የሞተ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው ገና ሳይቀመጥ ልጁን ወይ ጎረቤቱን መክሰስ ይጀምራል፤ ሌላው ደግሞ ጭራሽ አይናገርም፣ ስልኩን ከእጁ ለማላቀቅ ይቸገራል። የተማርኩት የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ መጀመሪያ የብልሽቱን መንስኤ ጠይቁ ይላል። እኔ ማን አበላሸው ብዬ አልጠይቅም። "ተቀመጥ" እለዋለሁ፤ "ገና አልሞተም ይሆናል፣ እስቲ እንየው።"