ፔዳሉ ሲለቀቅ

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው። በስሙ የምትጠራው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ።

መካኒክ ነው። አሮጌ መኪና ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ፣ ከተቀመጠበት ጎማ ሳይነሳ «ሞተሩን እንዳታጠፋው!» ይላል። ከዚያ ረጅሙን ካቻቪቴ ያወጣል። ጫፉን የማርሹ ጥርሶች ያሉበት ካምቢዮ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያስደግፍና ዐይኑን ይጨፍናል። ልጅ ሳለሁ መኪናዋ ምሥጢሯን የምትነግረው ይመስለኝ ነበር። እውነትም ትነግረው ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል መርገጥና መልቀቅ። ሲረገጥ ከጮኸች ችግሩ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሲለቀቅ ጮኻ ሲረገጥ ዝም ካለች ግን ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ግጥም ምት ስማር ሐሳቤ ውስጥ ይመላለስ የነበረው ይህ ፔዳል ነው።

ጋራዡን የከፈተው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። አጎቴ ዝምተኛ ነው። ካቻቪቴ አይነካም፤ መዳፉን ማርሽ መቀየሪያው ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ይቆያል። ደንበኞች «ይሄኛው ደግሞ በእጁ ነው የሚሰማው» እያሉ ይስቁበታል። አባቴም አብሮ ይስቃል።

ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነጭ አሮጌ መኪናዋን ይዛ መጣች።

«ሲር ሲር ትላለች» አለች።

አባቴ ካቻቪቴውን አስደግፎ ፔዳሉን አስረገጣት፣ አስለቀቃት። ብዙ ቆየ። ከወትሮው በላይ ቆየ።

«ፍሪሲዮን» አለ።

አጎቴ መዳፉን ከማርሹ ሳያነሳ፣ «ወንድምጋሼ፣ ስትለቀው ነው እኮ የምትጮኸው። ካምቢዮው ይመስለኛል» አለ።

«ይመስልሃል? እኔ አይመስለኝም፤ እሰማለሁ።»

ፍሪሲዮኑ ወርዶ ተቀየረ፤ ሁለት ቀን ፈጀ። ሞተሩ ሲነሳ አባቴ «በቃ፣ ጸጥ አለች» አለ።

«አሁንም አለ፣ ወንድምጋሼ። አንዴ ደግመህ ስማው።»

አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ያያል። አባቴ ወደነሱ ዞረ። «እስቲ ፍረዱኝ፣ ከእኔና ከእሱ ማነው ጆሮ? ሂድና እጅህን ታጠብ፤ ቆሽሾ ይሆናል አልሰማ ያለህ!»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ። አጎቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቱታውን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ወጣ። በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፣ ማሽን ጠጋኝ ሆኖ። ብዙም ሳይቆይ የሴትየዋ መኪና ዳገት ላይ ካምቢዮዋ ተሰበረ፤ በዝናብ እየተጎተተች ሌላ ጋራዥ ገባች። አባቴ ይህን ሰማ። ወንድሙ ዘንድ ግን አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ሰርግና ለቅሶ ላይ ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ መኪና አያወሩም።

ባለፈው ወር ለእረፍት መጥቼ አባቴ በራሱ አሮጌ መኪና ገበያ ይዞኝ ሄደ። መብራት ላይ ስንቆም መኪናዋ ሲር ማለት ጀመረች፤ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ። ከጎናችን የቆመ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ ፌንጣ ነው እንዴ የጫኑት?» አለ። አባቴ ሰላምታ መስሎት በፈገግታ እጁን አውለበለበለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጸጥ ያለች መኪና ናት፣ አይደል?»

ደነገጥኩ። «አባዬ፣ አትሰማትም?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ። አባቴ ጥግ ይዞ ቆመ። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ቀጭን ቀጭኑ ነው የጠፋብኝ» አለ። «ወፍራሙን እሰማለሁ። ሰውንም ከንፈሩን ካየሁት እሰማለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የዚያች የነጯ መኪና ጊዜ ምንም አልሰማሁም። ሲረገጥም፣ ሲለቀቅም። ፍሪሲዮን ያልኩት ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮን ስለሚሆን ነው።»

ስምንት ዓመት! ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጸጥታ ሲያዳምጥ። ደንበኛውን «ሲረገጥ ነው ሲለቀቅ?» ብሎ እየጠየቀ፣ የሰማውን መልስ ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ሲናገር። ሰፈሩ «ጆሮ» ሲለው «አቤት» ሲል።

«አጎቴ ጋ እንሂድ» አልኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። መሪውን አዞረ።

አጎቴ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ከወፍጮ ቤቱ ወጣ። «ወንድምጋሼ! ምነው፣ በደህና ነው?»

አባቴ ሞተሩን አላጠፋም። «ስማልኝ» አለው። «እኔ አልሰማም።»

አጎቴ እኔን አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ኋላ ወንበር ተዛወርኩና እሱ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። የአባቴን መዳፍ ይዞ ማርሹ ላይ አሳረፈው፣ የራሱን ከላይ ደረበበት።

«እርገጥ። አሁን ልቀቅ። ቀስ ብለህ።»

አባቴ ዐይኑን ጨፈነ። ረገጠ፣ ለቀቀ፤ እንደገና ረገጠ፣ ለቀቀ።

«ካምቢዮ» አለ፣ ፊደል እንደሚለይ ሕፃን።

«ካምቢዮ ነው።»

«የዚያን ቀንም እንዲህ ነበር?»

«ልክ እንዲህ።» አጎቴ እጁን አነሳ። «ያኔ ብትነግረኝ እኮ ማንም ሳያውቅ እሰማልህ ነበር። አንተ ካቻቪቴህን ይዘህ ትጨፍናለህ፣ እኔ በጣቴ ነካ አደርግሃለሁ። ማን ያውቅ ነበር?»

አባቴ «ቱታህ እዚያው ምስማሩ ላይ ነው» አለ። «ማንም አላወረደው።»

አጎቴ ሆዱን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። «አሁን በየት በኩል ይገባኛል ብለህ ነው!» ከውስጥ ስሙን እየጠሩ ነበር። «ልሂድ፣ ወንድምጋሼ። ይሄ ወፍጮ ካልጠበቁት ይቆማል።» ሲወርድ የአባቴን ትከሻ ያዝ አድርጎ ለቀቀው። ኮቱ ላይ አምስት ነጭ ጣቶች ቀሩ።

አባቴ አላራገፋቸውም። ወደ ቤት ስንመለስ በየመብራቱ እየቆመ መዳፉን ማርሹ ላይ ያሳርፍና ፔዳሉን ይለቃል።

«አሁን ትጮኻለች?» ይለኛል።

«ትጮኻለች፣ አባዬ።»

«አሁንስ?»

እሱም ያውቃል፤ ጩኸቱ መዳፉ ሥር ነው። ግን ይጠይቀኛል፤ ያን ቀን ወንድሙን ያልጠየቀውን።