ሳይደርቅ የተቆረጠ ቅል

«እማማ፣ ሰው ቢሰርቅብኝስ?» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ ምሕረት፣ ዛሬ ጠዋት፣ አጥሬ ላይ የተንጠለጠለውን ለጋ ቅል በሁለት እጇ ይዛ።

እዚህ ጂንካ የሰፈራችንን ልጆች ቅል ላይ መቅረጽ እያስተማርኳቸው ነበር። ለጋ ቅል ልጣጩ ለስላሳ ስለሆነ ቢላ አይፈልግም፤ በማንኪያ እጀታ ይጫራል። ጭረቱ ጠባሳ ሆኖ ከቅሉ ጋር ያድጋል።

አንዱ ልጅ ባጃጅ ቀርጾ አራት ጎማ አደረገለት። «ባጃጅ እኮ ጎማው ሦስት ነው» ስለው፣ «አራተኛው ትርፍ ጎማ ነው» አለኝ።

ምሕረት ግን ላም የቀረጸችበትን ቅል ዛሬውኑ ቆርጣ ወደ ቤቷ መውሰድ ፈለገች።

ይህን ሥራ የማውቀው ከልጄ ከታምራት ነው። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ለጋ ቅል ላይ በሬ ቀርጾ፣ «እማዬ፣ ሐረጉ ራሱ እስኪደርቅ እንዳትቆርጪው» ብሎኝ ነበር።

ከማሠልጠኛው ሳይወጣ ታሞ ሞተ። መርዶውን የሰማሁ ዕለት የእጁን ሥራ ውጭ ማሳደር አልቻልኩም። ቆርጬ አስገባሁት። ቅሉ ገና እርጥብ ነበር፤ አልጋዬ አጠገብ ተጨማዶ በሰበሰ። በሬውም አብሮ ጠፋ። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ዛሬም ይኖረኝ ነበር።

ይህ ለሕፃን ልጅ እንዴት ይነገራል? «እኔ እጠብቅልሻለሁ» አልኳት ብቻ። አላመነችኝም፤ ዱካ አምጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ይህን የምጽፈው እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

እናንተስ፣ እንዳይጠፋባችሁ ብላችሁ ቸኩላችሁ ያጣችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ ቀስ እያልኩ ሁሉንም አነባለሁ።