ከመድረኩ ሥር የመጣ ቃል

በአሥመራ አሮጌው ቲያትር ቤት ከሰዓት በኋላ ሻሂ የምንጠጣው ፎቁ ላይ፣ ከቅስቶቹ ሥር ነበር። ለአማርኛ ጋዜጣ የምጽፍ ዘጋቢ ነበርኩ። አብረውኝ የሚቀመጡት አዛውንት፣ ከመድረኩ ሥር ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ የሚያቀብሉ ሰው ናቸው። ሥራውን ከጣልያኖች ተምረው ለብዙ ዓመት በትግርኛ ሠርተውታል። ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ የመጣው ኃላፊ፣ «ከእንግዲህ በአማርኛ ነው። ካልቻሉ ቦታውን ይለቃሉ» አላቸው።

በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የተውኔቱን ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ያነባሉ፤ እኔ አርማለሁ። የወሎው አስተናጋጅም ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ጣልቃ ይገባል።

«አባባ፣ ‹እናቴ፣ መጥቻለሁ› የሚለውን አያዚሙት። ልጁ ቤቱ ገባ እንጂ ቅዳሴ አልገባም።»

«ሕራይ፣ እሺ መምህር፤ አንተ መጀመሪያ ሻሂህን አሙቀው» ይሉታል።

በመጀመሪያው ትርኢት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከስደት የተመለሰውን ልጅ የሚጫወተው ወጣት እናቱ ፊት ሲደርስ ቃሉ ጠፋው። የአማርኛው ገጽ በአዛውንቱ ፊት ተገልጦ ሳለ፣ ከሳጥኑ የወጣው፣ «ኣደይ፣ መጺአ ኣለኹ» የሚል ነበር። ወጣቱም እንዳለ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ደገመው። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከጎኔ የነበረች ሴት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ኃላፊው በዚያ ቀን አልነበረም።

እኔ ግን ጻፍኩት። ቃሉ ከሳጥኑ በትግርኛ መምጣቱን፣ ሕዝቡ መነሣቱን፣ ሁሉንም። ከትርኢቱ ውስጥ መጻፍ የሚገባው እሱ ነበር፤ እውነትም ነበር። ጋዜጣው ማክሰኞ ወጣ። ረቡዕ አዛውንቱ ከሥራ ተሰናበቱ።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ጽሑፉን ግን አልያዙም። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«የጻፍከው ውሸት አለበት?»

«የለበትም፣ አቦይ።»

«እንግዲያስ ተወው፣ ወደይ፣ ልጄ።» አስተናጋጁ ሻሂ አስቀምጦ፣ ምንም ሳይቀልድ ሄደ። «እስቲ ያጨበጨቡበትን አንብብልኝ። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው፤ አላየሁም።»

ጋዜጣውን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው።

«ቆመው ነበር?»

«ሁሉም፣ አቦይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሻሂውን ሳይነኩት ደረጃውን ወረዱ።